አቤት ባዩ ጉም

ተረት የሚሰማ ጠጋ ይበል። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ግን ወደ ውስጥ ገባ ይበል።

ጉም አፍ የምትባል ቀበሌ ነበረች። ከሥሯ ገደል ነው፤ ከገደሉ ጠዋት ጠዋት ጉም ይወጣል። በጉም አፍ ትምህርት ቤት ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ስምንተኛ ክፍል ነበር፤ በስምንተኛ ክፍል መስኮት ነበር፤ መስኮቱ ግን መዝጊያ አልነበረውም። የድሮውን መዝጊያ የክረምት ነፋስ ነቅሎ ገደል ከቶታል። ስለዚህ ጉሙ ከተማሪ ቀድሞ ይገባል፤ ገብቶም ባዶ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ትርንጎ ናት። አንድ ጠዋት መዝገቧን ከፍታ ስም ስትጠራ «ሰይፉ!» አለች። ሰይፉ ያን ቀን አልመጣም። ከመስኮቱ በኩል ግን «አቤት» የሚል ድምፅ ተሰማ። የደከመ፣ ሳል ያቋረጠው ድምፅ ነው።

«ማነው የሚቀልደው?» አለች ትርንጎ።

ማንም አልሳቀም። አቤት ከተባለ ልጁ ተገኝቷል ማለት ነውና የመገኘቱን ምልክት አደረገች።

ሰይፉ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። እናቱ ስትጠራው አይመልስም፤ ደጅ ቆሞ ወደ ገደሉ ያያል። በሳምንቱ «ብርሌ!» ስትል ጉሙ አቤት አለ፤ ብርሌም እንደ ሰይፉ ዝም አለች። መዝገቡ ግን ሙሉ ነበር፤ አንድም ቀሪ አልተጻፈበትም።

ከዚያ የጀማነሽ ተራ ደረሰ። ጀማነሽ ከክፍሉ ጎበዟ ናት፤ መቀመጫዋም ከመስኮቱ ሥር ነው። ስሟ ሲጠራ እዚያው ነበረች፤ አፏንም ከፍታ ነበር። ጉሙ ግን ቀደማት። «አቤት» አለ ከትከሻዋ በላይ። የጀማነሽ አፍ ተከፍቶ ቀረ፤ ከውስጡ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላውን ነገር በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ስሟ ሲጠራ ግን ጉሮሮዋ ይዘጋል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፈታኞቹ ከሌላ አገር ይመጣሉ፤ በር ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ፤ አቤት ያላለ አይገባም። ፈተናውን ያለፈ ወደ ከተማ ይሻገራል፤ ያላለፈ እዚያው ከገደሉ አፋፍ ይቀራል።

ጀማነሽ ትርንጎን ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «እትዬ፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ» አለቻት። የፈለገችው ይህንን ብቻ ነው።

ትርንጎ ጆንያ ሰቀለችበት። ጠዋት ጆንያው እንደ ጋቢ ተጣጥፎ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ልጅቷን ወደ በሩ አዛወረቻት። ጉሙም ተነስቶ ወደ በሩ ተዛወረ።

እንግዲህ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም።

ትርንጎ ወደ አናጢው ወደ አያ ምትኩ ሄደች።

«አያ ምትኩ፣ የስምንተኛ ክፍልን መስኮት መዝጊያ ይግጠሙልኝ።»

«በምን ልግጠመው ልጄ? በምላሴ?» አሉ። ሚስማሩን በግራ እጃቸው ይመታሉ። ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ሥር ወደ ላይ ቆሟል፤ ጋቢው እንደ ድንኳን ተወጥሯል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ብርድ ነው። ያንቺስ?»

ትርንጎ ቀኝ ክንዷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ጠመኔ ሲበዛ ጊዜ» አለች።

ሁለቱም ሌላ አልተጠያየቁም። አያ ምትኩ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ሳንቃ አምጪልኝ። ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ያቺ ልጅ አቤት አትልም።»

ትርንጎ ወደ ሳንቃ ነጋዴው ወደ ይማም ሄደች። የይማም ሳንቃ ከመንገዱ ዳር ተከምሯል፤ ይማም ከክምሩ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ጫት ይቀነጥባል።

«ይማም፣ አራት ሳንቃ ስጠኝ።»

«ለማን?»

«ለትምህርት ቤቱ።»

«እቱ፣ ለራስሽ ቤት ብትይ አሸክሜ በሰደድኩልሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ድጎማ አለው ይባላል። ለተማሪዎች ውጤት ብሎ መንግሥት የላከው ገንዘብ የት ገባ? ተበላ?»

«አልተበላም። ወረዳ ተቀምጧል።»

«ከተቀመጠ አስነሺው!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ቀኝ እጁ ከኮቱ ውስጥ አብሮ ተነቀነቀ፤ ግን አልወረደም። ይማም ሳቁን ዋጠ። «ሂጂ፣ አትይኝ። ድጎማ ካልወጣ ሳንቃ አይመጣም፤ ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም።»

ትርንጎ ወደ ወረዳ ወረደች፤ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የገንዘብ ቤት ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ሁለት እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ትርንጎ እነዚያን እጆች አይታ ቀናች።

«የጉም አፍ ድጎማ ከመጣ ሰነበተ፤ ለምን አትወስዱትም?» አለች ልጅቷ። «እኔም እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

መደርደሪያውን ከፈተች። የሠላሳ ትምህርት ቤት ፋይል ደረቅ ነው። የጉም አፍ ፋይል ብቻ ረጥቦ ያንጠባጥባል።

«ጣሪያው ያፈሳል?» አለች ትርንጎ።

«በበጋ? በየቀኑ አደርቀዋለሁ። ጠዋት ስገባ እንደዚህ ነው። አንዳንዴም ያስላል ብልሽ እብድ ትይኛለሽ።» መደርደሪያውን ቶሎ ዘጋችው። «ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጪና ይዘሽልኝ ሂጂ። ማኅተም ካላረፈ ድጎማ አይወጣም።»

ትርንጎ ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ እንዳይጠፋት ለራሷ ትደግመው ነበር። ማኅተም ካላረፈ ድጎማ አይወጣም፤ ድጎማ ካልወጣ ሳንቃ አይመጣም፤ ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም። ከኋላዋም አንድ ሰው አብሯት የሚደግም መሰላት። ዞር አላለችም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አድማሱ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል» አለ። «ማኅተሙ ነው እምቢ ያለው።»

«ማኅተም እምቢ ይላል እንዴ?»

«እዪ።» በግራ እጁ ማኅተሙን ቀለም አስነካ፤ ደብዳቤው ላይ ጫነው፤ ተነስቶም ቆመበት ማለት ይቀላል። ሲያነሳው ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። ነጥብ እንኳ የለበትም። «ሊቀመንበሩ ሳይፈርም አይሆንም ይለኛል። ደንቡም እንዲያው ነው፤ የወላጅ ኅብረቱ ሊቀመንበር ካልፈረመ የድጎማ ደብዳቤ ማኅተም የለውም።»

«ታዲያ ለምን አያስፈርሙም?»

አቶ አድማሱ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ሊቀመንበሩ ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

ትርንጎን አልጠፋትም።

ፊርማ ካልተፈረመ ማኅተም አያርፍም፤ ማኅተም ካላረፈ ድጎማ አይወጣም፤ ድጎማ ካልወጣ ሳንቃ አይመጣም፤ ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም።

ሊቀመንበሩ አያ ጓንጉል ናቸው። ለብዙ ዓመት የወላጆች ሊቀመንበር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ስምንተኛ ክፍል ገብተው ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ስም ተጠርቶ ልጅ ሲጠፋ «አቤት! አመጣዋለሁ!» ይላሉ፤ እየሳሉ ይወጣሉ፤ ልጁን ከማሳም ከገበያም ፈልገው፣ ጆሮውን ይዘው ያመጡታል። ክረምት ላይ በጉም ውስጥ አንድ ልጅ ሊፈልጉ ወጡና ገደል ገቡ። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ቀበራቸው።

በተቀበሩ በስምንተኛው ቀን የወላጆች ስብሰባ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ጥቁር ለብሰው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። አቶ አድማሱ ተነስቶ «የሊቀመንበሩን ቦታ በተመለከተ…» ሲል እትዬ አንጓች ቀና ብለው አዩት። ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። በሚስት ፊት ማን ደፍሮ ሞቷልና ሌላ እንምረጥ ይላል? ሰዉን ይሉኝታ ያዘው። ከኋላ አንድ ሰው «አያ ጓንጉል ይቀጥሉ!» አለ፤ ለማጽናናት ብሎ ነው። መጀመሪያ እጇን ያነሳችው ትርንጎ ናት። ከዚያ ምትኩ አነሱ፤ ይማም አነሳ፤ አገሩ ሁሉ አነሳ። ሟቹ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። በቃለ ጉባኤውም «ተገኝተዋል» ተብሎ ተጻፈ።

«ስሙን ሰርዤው ነበር» አለ አቶ አድማሱ፣ ቃለ ጉባኤውን እየገለጠ። «ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ጠዋት ስከፍተው ተመልሶ ተጽፏል፤ ቀለሙም አልደረቀም። ስሙ ከዚህ ላይ ካልተነሳ ደግሞ ሌላ ሰው መፈረም አይችልም።»

«ስሙ ለምን አይነሳም?»

አቶ አድማሱ ካፖርቱን ገለጠ። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ ቆሟል፤ ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። «ይኸው አቁሞት ነዋ! እጅ ካልወረደ ስም አይነሳም።»

ትርንጎ ነጠላዋን ገለጠች። የእሷም ቆሟል። ሁለቱ መምህራን እጃቸውን አንስተው፣ መልስ እንደሚያውቁ ተማሪዎች፣ ተያዩ።

እጅ ካልወረደ ስም አይነሳም፤ ስም ካልተነሳ ፊርማ አይፈረምም፤ ፊርማ ካልተፈረመ ማኅተም አያርፍም፤ ማኅተም ካላረፈ ድጎማ አይወጣም፤ ድጎማ ካልወጣ ሳንቃ አይመጣም፤ ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም።

ለፈተናው አራት ቀን ሲቀር ሰዉ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ጋቢው ሁሉ ተወጥሯል። ሁለት ጎረምሶች በአያ ምትኩ ክንድ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ቀስ! ትነቅሉታላችሁ!» አሉ አያ ምትኩ። «የሚወርድ አይደለም። ዝም ብለን ነው ያነሳነው፤ ዝም ብለን አናወርደውም። እውነቱን አንድ አፍ ይናገር፣ ለአንጓች ይንገራት።»

«እርስዎ ይንገሯታ!» አለ ይማም።

«እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ነገ በየት በኩል አልፋለሁ? አንተ ንገራት።»

«እኔ? ዘመዷ ሳልሆን ምን ብዬ? ርዕሰ መምህሩ ይንገራት።»

አቶ አድማሱ ሳል ይዞት ነበር። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ ትርንጎ ላይ አረፈ፤ የሁሉም ዓይን እዚያው አረፈ። ቀድማ ያነሳችው እሷ ናትና።

አፍ ካልተናገረ እጅ አይወርድም፤ እጅ ካልወረደ ስም አይነሳም፤ ስም ካልተነሳ ፊርማ አይፈረምም፤ ፊርማ ካልተፈረመ ማኅተም አያርፍም፤ ማኅተም ካላረፈ ድጎማ አይወጣም፤ ድጎማ ካልወጣ ሳንቃ አይመጣም፤ ሳንቃ ካልመጣ መስኮት አይዘጋም፤ መስኮት ካልተዘጋ ጉም አይመለስም፤ ጉም ካልተመለሰ ጀማነሽ አቤት አትልም።

የእትዬ አንጓች ቤት ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ትርንጎ ጀማነሽን አስከትላ ሄደች። በደጃፉ የወንድ ጫማ ተቀምጧል፤ ፀሐይ ላይ ነው፣ ግን እርጥብ ነው።

«ቤቶች!»

«ደኅና ዋልሽ፣ መምህርት» አሉ እትዬ አንጓች ከውስጥ ወጥተው። «እሱን ፈልገሽ ከሆነ የለም። ስብሰባ ነው።»

«መቼ ይመለሳሉ?» አለች ትርንጎ። ልትለው የመጣችው ይህን አልነበረም።

«ሲመሽ ይመጣል፤ ብስብስ ብሎ። እህል አይቀምስም። 'ልጆቹን ገና አልጨረስኩም' ይለኛል። ሲነጋ ይሄዳል።»

«እትዬ አንጓች፣ እርስዎ ግን ያውቁ የለ…»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቀብሬዋለሁ ብዬ ነበር። ስብሰባ መጣሁ፤ አገሩ ሁሉ እጁን አንስቶ መረጠው። ያ ሁሉ ሰው አለ ሲለኝ፣ እኔ ብቻዬን የለም ልበል? እንባዬን ዋጥኩና እራቱን ማቅረብ ጀመርኩ።»

ይህን ሲሉ ጉሙ ከገደሉ ወጣ። ፀሐይዋ ጠፋች። ማንም ስም ሳይጠራ ከጉሙ ውስጥ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ። ጀማነሽ አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ሄደች። «አቤት» አለ ጉሙ፣ ሳለም። ጀማነሽ ሌላ እርምጃ ሄደች። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ የምታየው ግን አልነበረም። ትርንጎ በግራ እጇ የልጅቷን ቀሚስ ያዘች፤ ልጅቷ እየጎተተቻት ሄደች፤ እንደ በሬ ከበደቻት። ቀኝ እጅ ያስፈልጋል፤ ቀኝ እጅ ግን ሰማይ ላይ ነው።

«እትዬ አንጓች!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «አያ ጓንጉል ሞተዋል!»

እትዬ አንጓች ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«ሞተዋል። አፈር ሲለብሱ ቆሜ አይቻለሁ። እጄን ያነሳሁት የእርስዎን ዓይን ፈርቼ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን።»

«ድገሚልኝ» አሉ እትዬ አንጓች ቀስ ብለው።

«ሞተዋል፣ እትዬ።»

እትዬ አንጓች አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ፣ ከክረምት ጀምሮ የታፈነው ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። የትርንጎ ቀኝ እጅ እንደ ድንጋይ ወደቀ፤ ወድቆም የጀማነሽን ወገብ ያዘ። ለገደሉ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀርቷት ነበር።

ከጉሙ ውስጥ «አቤት?» የሚል መጣ፤ አሁን እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

የመለሱለት እትዬ አንጓች ናቸው። «አልጠራንህም ጓንጉሌ» አሉ እያለቀሱ። «ማንም አልጠራህም። ልጆቹ ይመጣሉ። አንተ ሂድና ተኛ።»

አንድ ጊዜ ሳል ተሰማ። ከዚያ ጉም ብቻ ሆነ።

በነጋታው እንደገና ስብሰባ ተጠራ። እጅ ማንሳት የደፈረ አልነበረም፤ ሰዉ ቆሞ መረጠ። የተመረጡትም እትዬ አንጓች ናቸው። «እኔ መፈረም አላውቅም» ቢሉ፣ «ጣትዎ ያውቃል» አሏቸውና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነኩት።

አፍ ተናገረ፤ እጅ ወረደ፤ እጅ ቢወርድ ስም ተነሳ፤ ስም ቢነሳ ፊርማ ተፈረመ፤ ፊርማ ቢፈረም ማኅተም አረፈ፤ ማኅተም ቢያርፍ ድጎማ ወጣ፤ ድጎማ ቢወጣ ሳንቃ መጣ፤ ሳንቃ ቢመጣ አያ ምትኩ በሁለት እጃቸው ሚስማር መቱ፤ መስኮትም ተዘጋ።

መስኮቱ የተዘጋው በፈተናው ዋዜማ ነው። በፈተናው ጠዋት ጉሙ መጣ፤ ሳንቃውን እንደ ዕውር መዳፍ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ መግቢያ አጣ። የራስን ተማሪ መፈተን አይፈቀድምና ትርንጎ ከውጭ፣ ከጉሙ መሀል፣ ከተዘጋው መስኮት ሥር ቆመች። ፈታኙ ውስጥ ስም ሲጠራ ትሰማለች።

«ሰይፉ!»

«አቤት!» አለ ሰይፉ። ድምፁ ከተመለሰለት ወዲህ ሲናገር ትንሽ ያስለዋል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

«ብርሌ!»

«አቤት!»

«ጀማነሽ!»

ዝም።

«ጀማነሽ የለችም?» አለ ፈታኙ። የወረቀት ድምፅ ተሰማ። ትርንጎ «አለች!» ልትል አፏን ከፈተች፤ በዙሪያዋ ጉሙም አፉን የከፈተ መሰላት። ከንፈሯን በጥርሷ ያዘች። ደም ቀመሰች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ጀማነሽ!»

«አቤት!»

የመጣው ከውስጥ ነው። ሻካራ ነው፤ ቀጭን ነው፤ ሳል የለበትም። ሳንቃውን አልፎ፣ ጉሙን አልፎ፣ ገደሉ ድረስ ተሰማ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ አልደነቆርንም!» አለ ፈታኙ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ተረቱ እዚህ ላይ አበቃ። የሰማችሁ በሰላም ግቡ፤ ስማችሁ ሲጠራ ግን እናንተው መልሱ።